ካርቡሬተሩን ከመንካታችሁ በፊት

በዚህ ዓመት በፊቸር አጻጻፍ ኮርስ የተሰጠን የቤት ሥራ «በገዛ እጃችሁ የሠራችሁትን አንድ ሥራ፣ ሥራውን አይቶት ለማያውቅ ሰው አስረዱ» የሚል ነበር። የክፍሌ ልጆች ስለ ዶሮ ወጥ፣ ስለ ሹሩባ፣ ስለ ጠላ አጠማመቅ ጻፉ። እኔ ስለ ቤታችን ቮልስ እንደምጽፍ ስናገር አንዱ ከኋላ ወንበር «አንቺን ከሞተር ጋር ምን አገናኘሽ?» አለኝ። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፤ ከዓመት በፊት ብጠየቅ እኔም መልስ አልነበረኝም። መልሱ ይኸው ነው።

ቮልስን ለአዲስ አበባ ሰው ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ከፋብሪካ ስትወጣ በዓለም ላይ የተሠሩት ቁጥራቸው ከ21 ሚሊዮን አልፎ ነበር። የእኛ ከተማዎቹ ግን አሁንም ሥራ ላይ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ጠብቆ መያዝ የፍቅር ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

የእኛዋ ባለ 1300 ሞተር ናት። ጡረታ የወጣው መምህር አባቴ የገዛት እኔ ሳልወለድ ነው። የኋላ መቀመጫዋ ከወጣ ቆይቷል፤ በቦታው እንጀራ ይጫናል። እናቴ እንጀራ ጋግራ ለሦስት ምግብ ቤቶች ታቀርባለች። አባዬ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከቀበና ይነሳና አንዱን አራት ኪሎ፣ አንዱን ስድስት ኪሎ፣ የመጨረሻውን ሽሮ ሜዳ ያደርሳል። እንደምታውቁት መንገዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዳገት ነው። የቤታችን አስቤዛ፣ የእኔም የትራንስፖርትና የፎቶ ኮፒ ገንዘብ በዚያች ዳገት ላይ ነው የሚወጣው።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ቮልሷ አንድ ዓይነት ጠባይ አመጣች። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። አራት ኪሎ ድረስ ደህና ናት። ሞተሩ በደንብ ከጋለ በኋላ፣ ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ስትል፣ ታስላለች፤ ከኋላ «ጧ!» ታደርጋለች፤ ከዚያ ዝም። ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆመች በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች።

ሰፈራችን አቅራቢያ ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ታሪኩን ሰምተው ሳይጨርሱ «ካርቡሬተሩ አልቆለታል» አሉን። እኔም አጨበጨብኩ። በሚያስል ሞተር ላይ ቤንዚን እንጂ ሌላ ምን ይጠረጠራል? አባዬ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ካርቡሬተር ገዛ። ገንዘቡ የእማዬ የሁለት ወር ትርፍ ነበር። ተገጠመ፣ እሑድ ዕለት ሰፈር ውስጥ ዞረን ሞከርናት፤ እንደ ሰዓት ሄደች። ሰኞና ማክሰኞም ዝናብና ብርድ ነበርና ምንም አላለች። ረቡዕ ግን እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ቆመች። ተመልሰን ብንሄድ «ይኼም የተበላ ነው፣ ሌላ አምጡ» ተባልን።

የሽሮ ሜዳው ደንበኛ ለአራተኛ ጊዜ እንጀራ ሲዘገይበት ከሌላ ሰው መውሰድ ጀመረ። እማዬ ምንም አልተናገረችም፤ አንዱን ምጣድ ብቻ ሳትለኩሰው ቀረች። በሳምንቱ ቤታችን ደላላ መጥቶ የቮልሷን ጎማ በእግሩ ሲመታ አየሁ።

«ስትጠፋ ብልጭታ ነበራት?»

መኪናዋን ያዳናት አባዬ በወጣትነቱ ያስተማረው፣ አሁን ራሱ ሽበት የጣለ መካኒክ ነው። እኔ «ጋሼ» ነው የምለው። ሊሰናበታት የመጣ ይመስል ቮልሷን ዙሪያዋን ዞሮ አየና አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ «መምህር፣ ስትጠፋብዎት ብልጭታ ነበራት?»

አባዬ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ሁለት ካርቡሬተር ተፈትቶ ሲገጠም፣ ያ ሁሉ ብር ሲወጣ፣ ይህን ያየ አንድም ሰው አልነበረም። በክፍል ውስጥ «ወሬውን ከሁለተኛ ምንጭ አረጋግጡ» እየተባለ የሚነገረን ነገር ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

ጋሼ እንደሚለው ሰዎች «ካርቡሬተር ነው» ብለው ከሚያመጡለት አሮጌ መኪና አብዛኛው የብልጭታ ችግር ያለበት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁለቱ በሽታዎች ምልክታቸው አንድ ነው። ቤንዚን ያጣ ሞተርም ያስላል፣ ብልጭታ ያጣ ሞተርም ያስላል። ልዩነቱ ካርቡሬተር ከላይ ጉብ ብሎ ስለሚታይና ብሎን ስለሚበዛበት ሰው እጁ ወደዚያ ይሄዳል። ብልጭታው ግን ክዳን ስር ተደብቆ ነው ያለው።

ስለዚህ መመርመር ያለባት ስትቆም፣ በቆመችበት ቦታ ነው። ቀዝቅዛ ከተነሳች በኋላ ጋራዥ ወስዶ ማሳየት፣ የጥርስ ሕመም ከተወ በኋላ ሐኪም ቤት እንደመሄድ ነው። በማግስቱ ሌሊት ጋሼና እኔ አብረን ሄድን፤ እሱም ሆነ ብሎ እስክትቆም ድረስ ጋለባት። ሽሮ ሜዳ ሳንደርስ ቆመች። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ነገር አየን።

አንደኛው የቤንዚኑ ነው። ቁልፉ ጠፍቶ የአየር ማጣሪያው ይነሳል፤ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ በእጅ ገፋ ሲያደርጉት በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ ቀጭን የቤንዚን መርጨት መታየት አለበት። ታየ። ጥርት ብሎ ረጨ። እንግዲህ በካርቡሬተሩ ቋት ውስጥ ቤንዚን አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው የብልጭታው ነው። ማጣሪያው ወደ ቦታው ተመልሶ፣ የፈሰሰ ቤንዚን አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ (ይህን አስምሩበት፣ ቤንዚንና ብልጭታ አንድ ላይ አይሞከሩም) ከቦቢና ወደ ዲስትሪቢዩተሩ መሃል የሚገባው ወፍራም ገመድ ይነቀላል። ጫፉ ከሞተሩ ብረት ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ርቆ ይያዛል፣ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዞራል። እኔ ገመዱን የያዝኩት በደረቅ የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ነው፤ በባዶ እጅ መያዝ ያስወነጭፋል። ጤነኛ ብልጭታ ሰማያዊ ነው፣ ሲፈነጥቅም «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። የእኛ ግን ቢጫ፣ ቀጭን፣ አንዳንዴም የሌለ ነበር።

ጋሼ ፈገግ አለ። «በይ ልጄ፣ ካርቡሬተሩን ይቅርታ ጠይቂው።»

የብልጭታው መንገድ

የሆነውን ለመረዳት ብልጭታ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅ ያስፈልጋል። የባትሪው 12 ቮልት በካንዴላ ጫፍ ላይ ያለውን አየር ዘሎ ማለፍ አይችልም። ቦቢናው ይህን ወደ 15 ሺህና ከዚያም በላይ ቮልት ይለውጠዋል። ይህን የሚያደርገው ግን መብራቱ በድንገት ሲቋረጥበት ነው። የሚያቋርጡት ሁለት ትናንሽ የብረት ከንፈሮች ናቸው፤ መካኒኮች ፑንቲና ይሏቸዋል። በዲስትሪቢዩተሩ መሃል የሚዞረው አራት ማዕዘን ዘንግ እየገፋ ይከፍታቸዋል። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር እነዚህ ከንፈሮች በሰከንድ 100 ጊዜ ይከፈታሉ። እኔ ይህን ቁጥር ራሴ በወረቀት አስልቼ ነው ያመንኩት።

ከንፈሮቹ ሲላቀቁ መብራቱ በመካከላቸው ዘሎ ማለፍ ይፈልጋል። ይህን የሚከለክለው ጎኑ ላይ የተሰቀለ የጣት ጫፍ የምታክል ቆርቆሮ ናት፤ ኮንደንሰር ትባላለች። ትርፉን መብራት ለቅጽበት ትውጠዋለች፣ በዚህም የቦቢናው መቋረጥ ስለታም ይሆናል። ኮንደንሰሯ ስትደክም ግን ብልጭታው ካንዴላው ላይ በመፈንጠቅ ፈንታ ፑንቲናው ላይ ይፈነጥቃል፤ ከንፈሮቹ ይቃጠላሉ፣ ወደ ካንዴላ የሚደርሰውም ይዳከማል። እየደከመች ያለች ኮንደንሰር ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትከዳው ስትጋል ነው። ስትቀዘቅዝ ትመለሳለች። ያን ሁሉ ጊዜ እንቆቅልሽ የሆነብን ነገር ይኸው ነበር። እሑድ የሞከርናት ሳትግል ነው፤ ሰኞና ማክሰኞ ዝናብ ነበር። አዲሱ ካርቡሬተር ምንም አልሠራም፤ አየሩ ነው የሠራላት።

ክዳኑ ሲነሳ የፑንቲናው ከንፈሮች ጠቁረው፣ አንዱ ጎድጉዶ አንዱ ጉብ ብሎ ተገኘ። ኮንደንሰርና ፑንቲና ተለወጡ። የሁለቱ ዋጋ ተደምሮ የዚያን ካርቡሬተር አንድ አሥረኛ አይሞላም።

መልክ የያዘ ሥራ

ጋሼ ግን በዚህ አልለቀቀኝም። «አሁን በሥርዓት ትሠሪያለሽ» አለኝ። ሥርዓት የሚለው ቅደም ተከተሉን ነው፦ ቫልቭ፣ ከዚያ ፑንቲና፣ ከዚያ ታይሚንግ፣ መጨረሻ ላይ ካርቡሬተር። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አንዱን ስታስተካክሉ ሌላውን ታበላሻላችሁ።

ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ በርዶ፣ ሌሊቱን ካደረ በኋላ ነው። ለእኛ ዓይነቱ 1300 ሞተር ክፍተቱ 0.15 ሚሊሜትር ነው። ስስ የብረት መለኪያው በትንሽ መጎተት ማለፍ አለበት። እኔ መጀመሪያ ላይ የሚንኳኳ ቫልቭ ነው የሚያስፈራው ብዬ አስብ ነበር። ተገላቢጦሽ ነው። የሚንኳኳው ሰፍቷል፣ ቢያንስ ይጮኻል፤ የጠበበው ግን ዝም ብሎ በደንብ ሳይዘጋ እየተቃጠለ ይቆያል።

የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ነው። የሚለካው ዘንጉ ከንፈሮቹን በጣም በከፈተበት ቦታ ላይ ሲሆን፣ አንዱ ብሎን ላላ ተደርጎ በካቻቪቴ ቀስ እየተባለ ይገፋል። ዘንጉ ላይ የምትሄደው የላስቲክ ተረከዝ እንዳትበላ ቅባት በጥቂቱ ይቀባል፤ ብዙ ከሆነ ከንፈሮቹ ላይ ተረጭቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ይህ ክፍተት ሲቀየር ብልጭታው የሚመጣበት ሰዓትም አብሮ ይቀየራል። ታይሚንግ ከፑንቲና በኋላ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ታይሚንግን በጣም ወደድኩት። ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ሁለት ገመድ የተቀጠለበት የ12 ቮልት አምፖል ይበቃል። አንዱን ጫፍ በቦቢናው ላይ «1» የሚል ቁጥር ካለበት ቦታ፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ጋር ታገናኛላችሁ። የሞተሩን የቺንጋ መዘውር በቁልፍ እያዞራችሁ፣ መዘውሩ ላይ ያለውን ምልክት የሞተሩ ሁለት ጎን ከሚገጣጠሙበት መስመር ጋር ታገጥማላችሁ። ለብዙዎቹ 1300 እና 1500 ሞተሮች ምልክቱ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ በፊት ያለው ነው፤ በሌሎቹ ይለያያል፣ የሞተራችሁን ቁጥር አይታችሁ አረጋግጡ። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለችው ተሽከርካሪ ጣትም ወደ አንደኛው ሲሊንደር ምልክት ማመልከት አለባት። ከዚያ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ የዲስትሪቢዩተሩን አንገት ላላ በማድረግ በሰዓት አቅጣጫ ስታዞሩት አምፖሉ ይጠፋል፤ ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ ስትመልሱት ፑንቲናው በተከፈተባት ቅጽበት ቦግ ይላል። እዚያው ላይ ታጠብቃላችሁ። ቁልፉን ከፍቶ ረጅም ጊዜ መተው ግን ቦቢናውን ያግለዋል። ገመዶቹን ከነቀላችሁ የመመለሻው ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው።

ያን አምፖል ሲበራ ሳይ ያለ ምክንያት ጮክ ብዬ ሳቅኩ። አባዬ ከቤት ወጥቶ «ምን ሆንሽ?» አለኝ።

እንግዲህ ካርቡሬተሩ

ካርቡሬተር በመሠረቱ ቀላል ነገር ነው። አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፣ ያ መቀነስ ቤንዚኑን ከቋቱ በቀጭን ቀዳዳ ይስበዋል። ቀዳዳውን ጅግለር ይሉታል። ለአንድ ኪሎ ቤንዚን ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ከተማችን የራሷ ጉዳይ አላት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጅግለሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ለቆላ የተመጠነ ከሆነ እዚህ ከአየሩ በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ከሶማሌ ተራ የተገዛው ካርቡሬተር እንዲህ ነበር። ካንዴላዎቹ ሲወጡ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁረው ነበር። ቤንዚን ስትጠጣ ከርማለች ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ ሰልፍ ተሰልፈን ነበር የምንቀዳላት።

አባዬ ነገር አይጥልም። የድሮውን ካርቡሬተር አልጋ ስር በጆንያ ጠቅልሎ አስቀምጦት ነበር። ያንኑ ፈታነው። ቋቱ ታች ቀይ ደለል ነበረበት፤ በእጥረቱ ጊዜ በጀሪካን ከተገዛው ቤንዚን የመጣ ይመስለኛል። ጅግለሮቹ በሽቦ አይጎረጎሩም፤ ቀዳዳቸው በመቶኛ ሚሊሜትር የሚለካ ስለሆነ ሽቦ ያሰፋዋል። በቤንዚን ታጥበው በአየር ይነፋሉ። የነዳጅ መስጫው ዘንግ የሚዞርበት ቀዳዳ ተበልቶ እንደሆነም በእጅ ወዝወዝ አድርጎ ማየት ነው፤ በዚያ የሚገባ አየር ማንም ያልመጠነው አየር ነው። የእኛው ትንሽ ይላወሳል፣ ግን የሚያስጥል አይደለም።

ተገጥሞ ሞተሩ በደንብ ከሞቀና ማነቂያው ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ ሚኒሞው ይስተካከላል፤ ነዳጅ ሳይሰጥ በራሱ የሚዞርበት ማለት ነው፣ በደቂቃ ወደ 850 ዙር። የቤንዚን መመጠኛዋን ትንሽ ብሎን ድምፁ እስኪደክም ቀስ ብሎ ማጥበቅ፣ ከዚያ ሞተሩ ለስለስ እስኪል ሩብ ዙር ያህል መመለስ። ይህ ለእኛ ዓይነቱ ሶሌክስ 30 ነው። በኋላ የመጡት ባለ 34ዎቹ ለሚኒሞ የራሳቸው የአየር ብሎን ስላላቸው ዘንጉ ላይ ያለችውን ብሎን አትንኩ። ሲያልቅ ፍርዱን የሚሰጠው ካንዴላው ነው፦ ቡና ዓይነት ቡናማ ከሆነ ደህና፣ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ነጭ ከሆነ አንሶታል። ነጩ የባሰ ነው፤ ቮልስ በውሃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይነዳል።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር፤ ከሁሉ በፊት መታየት የነበረበት የቤንዚን ጎማው ነው። ጋሼ የእኛን በጣቱ ሲያጥፈው ተሰነጣጠቀ። ጎማው የሚያልፈው ዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ ነው። ያ ሁሉ ሰው ሞተሩን ሲፈታና ሲገጥም በእጁ ነክቶታል፣ ማንም አላጠፈውም። ለመጀመሪያ ጊዜ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው፤ አባዬ በየሌሊቱ ከዚያ ጎማ ጋር ነበር ዳገት የሚወጣው። እኛ ቤት አሁን ጎማው በየዓመቱ ይለወጣል፣ ማሰሪያዎቹም በየወሩ ይታያሉ።

ደላላው ሁለት ጊዜ ደውሎ ነበር፤ አባዬ አላነሳለትም። የሽሮ ሜዳው ደንበኛ አልተመለሰም። እማዬ ግን ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ሌላ አግኝታለች፤ እሱም ዳገት ነው። ያገለገለው ካርቡሬተር ታጥቦ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ቆላ ወርዶ የሚሠራ የቮልስ ባለቤት ካለ ይጠይቀን፣ ለእሱ ይሆነዋል። ቮልሷ ከመጨረሻው ልኬት ወዲህ 5000 ኪሎ ሜትር ልትሞላ ስለሆነ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቫልቭ እንለካለን። ጋሼ «እኔ ቁጭ ብዬ ቡና ነው የምጠጣው» ብሏል።